ለእንግዳ የተሞላው ታንከር

ለምወድዎና ለምፈራዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዳገቱ ላይ የሚይዝዎ ቁርጥማት ለቀቀዎ ወይስ እንደ ልማድዎ «ደህና ነኝ» እያሉ ቤተሰቡን ሸውደውታል? እማዬ እንዴት ናት፣ ዓይኗን የሚቆጠቁጣት ነገር ተሻላት? የእህቴስ እጅ፣ ጀሶው ወለቀላት? አማችዎ፣ መንትዮቹ፣ ጎረቤቶቻችን በሙሉ እንደምን ናችሁ? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከእርስዎ ኩርፊያ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ትምህርቴንም እማራለሁ። ሰላምታዬን ግን ዛሬ ደጅ ቆሜ ነው የማቀርበው፤ እርስዎ ግቢ ካላሉኝ አልገባም።

በአማችዎ ስልክ የላኩልኝ ድምፅ ደርሶኛል። የሰማሁት የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነው። «በሰው አገር ምክር ቤት ቆመሽ አባትሽን ቀጣፊ አሰኘሽው፤ ያልሽውን እስክታርሚ ድረስ ስልክሽን አላነሳም» ብለዋል። ደግሜ ሰማሁት። ድምፅዎ እንደዚያ ሻክሮ ሰምቼ ስለማላውቅ አለቀስኩ። ስልክ አላነሳም ቢሉም ወረቀት ሳያነቡ እንደማይጥሉ ግን አውቃለሁ፤ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን እንኳ ቆመው የሚያነቡ ሰው ነዎት። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ከአሁኑ ልንገርዎ፤ እርስዎ እንዳሉት አላረምኩም፣ ወደፊትም አላርምም። ግን ከሥሩ ይስሙኝ፣ በሬዲዮ የሰማችሁት ጫፉን ብቻ ነው።

እዚህ አገር ምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ኮሚቴ አለ። ሥራው የገዛ መንግሥቱን ማፋጠጥ ነው። ለድሃ አገር ረዳን ያላችሁት የት ደረሰ፣ ከውጭ አምጥታችሁ የምታስተምሯቸው ልጆች ምን ተማሩ፣ ስለ አየር ንብረት በሚደረገው የዓለም ጉባኤ ላይ እናደርጋለን ያላችሁትን አደረጋችሁ ወይ ይላል። ባለሥልጣን እፊቱ አስቀምጦ ላብ በላብ ያደርጋል። አምና እኛ መንደር በሁለት መኪና የመጡት እንግዶች ከዚህ ኮሚቴ የተላኩ ነበሩ፤ በፀሐይ የሚሠራውን የውሃ ፓምፕ ሊያዩ የመጡት፣ እርስዎም የመንደሩ ውሃ ኃላፊ ሆነው ነጭ ሸሚዝዎን ለብሰው የተቀበሏቸው።

ዘንድሮ ደግሞ ተማሪ እንስማ አሉ፤ የስኮላርሺፕ ቢሮውም እኔን መረጠ። ለምን እኔን ብለው እንዳይጠይቁ። ፓምፑ የተተከለበት መንደር ልጅ ነኝ፣ የምማረው በእነሱ ስኮላርሺፕ ነው፣ ያውም የውሃ ምህንድስና። ሰርግ ላይ ሙሽራ እንደማሳየት ነው፤ ቆንጆ ለብሼ ፈገግ ብዬ ብታይ ሥራቸው ሁሉ አማረ ማለት ነው።

ቢሮው ውስጥ የእኔን ጉዳይ የምትይዝ ሴትዮ አለች፤ እኛ ተማሪዎቹ «እሜቴ ፈገግታ» እንላታለን። መጥፎ ነገር ስትነግር እንኳ ጥርሷ አይከደንም። ክፉ ሰው ግን አይደለችም፤ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ መጥታ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ጠራችኝና ሻይ አቅርባ የምናገረውን ጽፋ ሰጠችኝ፤ በቃሌ እንድይዘው። ውሃ መንደራችን ገባ፣ እህቴ ውሃ መቅዳት ቀረላት፣ እኔም ለወግ ለማዕረግ በቃሁ፣ አመሰግናለሁ፤ ጠቅላላው ይኸው ነው። ያን ሳምንት እማዬ ደውላ፣ እህቴ ጀሪካን ተሸክማ ከምንጩ ስትመለስ ጭቃው አንሸራቷት እጇ መሰበሩን ነግራኝ ነበር። «ውሃ መቅዳት ቀረላት» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ አላልፍ አለ። ፓምፑ እኮ ተበላሽቷል አልኳት። ፈገግ ብላ፣ አምና የሄዱት ሰዎች ሲሠራ አይተውታል፣ ፎቶም አለ አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በቀጠሮው ቀን ካፖርቴን ተኩሼ ለብሼ ሄድኩ። በር ላይ ቀበቶዬን አስፈቱኝ፣ ቦርሳዬን በማሽን አሳለፉት፣ አንገቴ ላይ «ምስክር» የሚል ካርድ አንጠለጠሉልኝ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ምንጣፉ ከመወፈሩ የተነሳ የራስዎን ኮቴ አይሰሙም። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። መንግሥታቸው ስለ አየር ንብረት እንዲደራደርለት የሾመው ልዩ መልዕክተኛ አለ፤ ወደ ዓለም ጉባኤው ይዟቸው ሄዶ ያሳያቸው ፎቶዎች ናቸው አሉኝ። አንዱ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ቧንቧ ሥር የተዘረጉ ሁለት እጆች፣ በላያቸው ውሃ ይወርዳል። ፊት የለም፣ ስም የለም፤ በር የሚያክል እጅ ብቻ። ከሥሩ «ቃላችንን ጠብቀናል» ይላል። አባባ፣ መዶሻ የመታው የአውራ ጣትዎ ጥፍር እንደጠቆረ አለ። የአባቴን እጅ በሰው አገር ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ልስመው ከጅሎኝ ነበር፤ ዘበኛው ሲያየኝ ተውኩት።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ውሃው ሄደ። ያን ውሃ አውቀዋለሁ። አምና እንግዶቹ በመጡ ሰሞን እህቴ በስልክ እየሳቀች ነግራኛለች። እንግዶች ሊመጡ ነው ሲባል እርስዎ ሰዉን ሰብስበው፣ ሰው አገር አቋርጦ ስጦታውን ሊያይ ሲመጣ ተሰብሯል ብለን እናሳፍረው ወይ አሉ። መንደሩም በሙሉ ከንጋት ጀምሮ ከምንጩ እየቀዳ ታንከሩን ሞላ። ብሎን የምንለው ብየዳ ሠራተኛ መሰላል ላይ ቆሞ ጀሪካኑን እየተቀበለ ሲገለብጥ ዋለ። እንግዶቹ ቧንቧውን ሲከፍቱት ፏ ብሎ ወረደ፤ አጨበጨቡ፤ እርስዎም እጅዎን ታጥበው አመሰገኑ። መኪናዎቹ ኩርባውን ሳይታጠፉ ታንከሩ ደረቀ። ያኔ እኔም ከእህቴ ጋር ስቄያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ፎቶው ላይ ያለው ውሃ ዳገቱን የወጣው በእህቴ ጀርባ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ዙሪያውን ታጥፎ ምስክሩን መሃል ያስገባዋል። ሰብሳቢዋ የእማዬ እኩያ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት በብርጭቆ ማሰሮ ውሃ ተቀምጧል፣ ማንም አይነካውም። ሰብሳቢዋ ሰላምታ ሰጡኝና ወረቀቴን ሳላወጣ፣ ፓምፑ ዛሬ ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሜቴ ፈገግታ ከኋላዬ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። አይሠራም አልኩ። የመጀመሪያው ክረምት እንዳለፈ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተቃጠለ፣ መለዋወጫው እናንተ አገር ብቻ ነው ያለው፣ ፓምፑ አጠገብ የተከላችሁት ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ስልክ ብንደውል የሚያነሳ የለም፣ ሰሌዳው ራሱ ግን በየዓመቱ ቀለም ይቀባል አልኩ።

ልዩ መልዕክተኛው እዚያው ነበር። ድምፁ ቅቤ ነው። ልጅቷ ከአገሯ ከወጣች ቆይታለች፣ የተከበሩ አባላት ግን ውሃው ሲፈስ በዓይናቸው አይተዋል አለ። አምና እኛ መንደር ከመጡት መካከል ያሉ ሁለት የኮሚቴው አባላትም ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉና፣ ታዲያ የፈሰሰው ውሃ ከየት መጣ አሉኝ። አባባ፣ እዚህ ላይ መግቢያ መውጫ አጣሁ። ወይ እኔ ውሸታም እሆናለሁ፣ ወይ እርስዎ። ሌላ መንገድ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

አባቴ አስሞላው አልኩ። የቀረውን እንዳለ ልጻፍልዎ፣ ሬዲዮው ቆርጦ የጣለው ይህን ነው። «እኛ ቤት እንግዳ ያመጣው ስጦታ ቢሰበር እንግዳው ፊት ሰባራውን አናወጣም። አባቴ አላታለላችሁም፤ እንዳታፍሩ ሸፈነላችሁ። መንደሩ በሙሉ ለእናንተ ክብር ብሎ ውሃ በጀርባው ተሸከመ። እናንተ ያን ክብር ፎቶ አንስታችሁ ቃላችንን ጠብቀናል ብላችሁ ጻፋችሁበት። ያን ውሃ የቀዳችው እህቴ ዘንድሮ እዚያው ዳገት ላይ» አልኩና ድምፄ ተቆረጠ። ከማሰሮው ቀድተው አቀበሉኝ። ጠጣሁት፤ ጨረስኩትም።

በዚህ አላበቃም። ከአባላቱ አንዱ፣ ጋዜጦቹ «መቀሱ» የሚሉት፣ ለውጭ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ይቆረጥ ባይ ነው። ፊቱ በራ። እንግዲህ ከራሷ አፍ ሰማችሁ፣ እርዳታውም ስኮላርሺፑም ገደል የሚጣል ነው፣ ይቁም አለ። ደሜ ፈላ። ሳይፈቀድልኝ ማይኩን አበራሁት። ቃሌን ለመቀስህ መሞረጃ አታድርገው አልኩት፤ በእነሱ ቋንቋ አንተና እርስዎ አይለይም እንጂ አንተ ነው ያልኩት። ውሃው ይጠገን አልኩ እንጂ ውሃ አያስፈልገንም አላልኩም። ምንጫችን የሸሸው፣ ዝናባችን ቀኑን የረሳው እኛ ባቃጠልነው ነዳጅ አይደለም። በጉባኤው ላይ እጃችሁን አንስታችሁ ቃል የገባችሁት ይህን ስለምታውቁ ነው። ስለዚህ ምጽዋት አልጠየቅኩም፣ የተበላሸውን ጠግኑ አልኩ። ሰብሳቢዋ ሥርዓት ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ማይኩን ግን አላስጠፉብኝም።

ሲያልቅ ሰብሳቢዋ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው አስቆሙኝ። አባትሽን ባገኛቸው ምን ብላቸው ይሻላል አሉኝ። ምንም አይበሏቸው፣ ሳጥኑን ይዘው ይሂዱ አልኳቸው። ሳቁ። ስለዚህ ቀጣፊ ያለዎት ሰው ካለ ሬዲዮ ላይ ነው እንጂ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አላለዎትም።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ እንዳይመስልዎ። አብራኝ የምትኖረው ልጅም በዚሁ ስኮላርሺፕ ነው የምትማረው፤ እናቷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ አንቺ ተናግረሽ ወጣልሽ፣ መቀሱ ቢቀናው የምንባረረው ግን ሁላችን ነን አለችኝ። እውነቷን ነው። ለቀናት ፊቷን አዞረችብኝ። አንድ ጠዋት ግን ሳልነቃ የኔንም ሻይ አፍልታ ከድናልኝ ሄዳለች። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

እዚህ ምክር ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አላቸው። ምስክር የተናገረውን ቃል በቃል ይጽፉና መዝገብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለራሱ ይልኩለታል፤ ያልተሰማ ወይም ተሳስቶ የተጻፈ ካለ አርሞ ይመልሳል። የእኔም መጣ። እሜቴ ፈገግታም ተከትላው ክፍሌ ድረስ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አይሠራም» የሚለውን «አልፎ አልፎ ይቆራረጣል» በይው፣ ስለ አባትሽ ያልሽውንም አውጪው፣ ለሳቸውም ክብር ነው አለችኝ። የመጨረሻው ዓመት ስኮላርሺፕሽ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፣ አለቆቼም ቅር ብሏቸዋል አለች። ይህን ስትነግረኝ ፈገግ አላለችም፤ ያኔ ነው የምር መሆኑ የገባኝ። የእርስዎም ድምፅ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። እሷም አርሚ፣ እርስዎም አርሚ። ሳትተዋወቁ እንዲህ መስማማታችሁ ደነቀኝ።

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያልኩት ሁሉ አለ። ድምፄ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ብቻ «አልተሰማም» ብለው ጽፈዋል። እሱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰረዝኩና «እጇ ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩበት። ፈርሜ መለስኩት። አርሚ አላችሁኝ፣ ያረምኩት ይህን ነው።

አባባ፣ ይቆጡኝ፣ መብትዎ ነው። ግን እምቢታ ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት፤ እምቢታውን ከማን ወረስኩት? የመንገድ ሥራ አለቃው የጎረቤታችንን አጥር ሊያፈርስ ሲመጣ ዶዘሩ ፊት ወንበር አውጥተው፣ እግራቸውን አነባብረው ጋዜጣ ያነበቡት ማን ናቸው? ሰውዬው ለምኖ ለምኖ ሲሰለቸው ዶዘሩን አዙሮ ሄደ። ያን ቀን እንግዳ እንዳይከፋው አላሉም። እርስዎ ለጎረቤት አጥር የተቀመጡትን ያህል እኔ ለእህቴ እጅ ተቀመጥኩ። ከዚህ ሌላ ምን አጠፋሁ? ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው ዳገቱን ሲወጣ፣ ከሁሉም በላይ የደከሙት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ድካምዎ የነሱ ጀብዱ ተብሎ ተሰቅሎ ሳይ ዝም ልበል? አልልም። ቢያኮርፉኝም አልልም።

ስለ ስኮላርሺፑ እስካሁን ያሉኝ ነገር የለም፣ «እየታየ ነው» ብቻ። አልዋሽዎትም፣ ያስፈራኛል። ይህን ትምህርት እወደዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የገባኝ ቀን ከክፍል ወጥቼ ብቻዬን ስስቅ ነበር። ቢሆንም ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠርጌዋለሁ። ካባረሩኝ በግማሽ ትምህርት እመጣለሁ፤ ከብሎን ጋር ሆነን ያን ሳጥን እንፈታዋለን። ከተዉኝ እጨርሳለሁ። ይቅርታ ስጠይቅ ግን አያዩኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰብሳቢዋ ራሳቸው አንድ የፓምፕ ባለሙያ ይዘው ክረምቱ እንደወጣ እኛ መንደር ሊመጡ ነው። በሌሎች መንደሮች ይህንኑ ፓምፕ ከመትከላችን በፊት የመጀመሪያውን በዓይኔ ልየው ብለዋል። የአካባቢያችን አስተዳደር ሰዎች ይሰማሉ፣ መጥተውም መንደሩን አዘጋጁ ይላሉ። አውቅዎታለሁ፤ እንግዳ ሲባል እጅዎ ራሱ ወደ ጀሪካን ይሄዳል። አደራዎን፣ ታንከሩን አያስሙሉት። ግቢውን ያስጠርጉ፣ ወንበር ያውጡ፣ ነጩን ሸሚዝ ይልበሱ፣ ያለውን ያቅርቡ፤ እንግዳ አክባሪነትዎን ይተዉ አላልኩም። ውሃ የጠየቀ ካለ ግን ዳገቱን ይዘውት ይውረዱ። ለሰብሳቢዋ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን ይስጧቸው፤ ጠንካራ ናቸው፣ ይችሏታል።

ከምንጩ ሲመለሱ ቧንቧው ጋ ይቁሙልኝ። ልክ እንደ ፎቶው ሁለቱንም እጅዎን ከሥሩ ይዘርጉ። ቧንቧውን እህቴ ትክፈተው። ምንም አይወርድም፤ እርስዎም ምንም አይበሉ። ያን ደረቅ እጅ ፎቶ ያንሱት። ኮሪደሩ ላይ የሚሰቀልበትን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ዓይኗን በእጇ እንዳታሸው ይቆጡልኝ። እህቴን ጀሶው ገና ካልወለቀ መንትዮቹ ስሜን ይጻፉበት ይበሏት፤ እነሱንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። አማችዎን ስልኩን ለኩርፊያም ስላበደረን ያመስግኑልኝ። ብሎንን፣ እኔ ሳልመጣ ያን ሳጥን በመዶሻ እንዳይነካው ይበሉት። አጥሩ የተረፈለትን ጎረቤታችንንም እንደምን አሉ ይበሉልኝ። ለእርስዎ ግን በወረቀት ሰላምታ አልልክም፤ ስልኩን ሲያነሱ በአፌ እሰጥዎታለሁ። እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ። ካላነሱ በሚቀጥለውም እሑድ እደውላለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።

ልጅዎ
እምቢታ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሚያዝያ 12 ቀን